የአንኮበር አራስ ቤት

አንኮበር ላይ አራስ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አንዷ የገብስ ዱቄት፣ ሌላዋ ቅቤ ወይም እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ የምትይዘው ያጣችው ደግሞ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ሰብራ ትሄዳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ከተገባ በኋላ ጥያቄው ይከተላል። ጡት ያዘ? ሌሊት አስተኛሽ? እትብቱ ወደቀ? ሆዱን ይነፋዋል? ጠያቂዎቹ ልጅ ያሳደጉ ናቸውና ሁሉም የሚሉት አላቸው። የመጀመሪያ ልጇን የታቀፈች ወጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰምታ የማትጨርሰው ምክር ይወርድባታል። አብዛኛው ይጠቅማታል፣ ከፊሉ እርስ በርሱ ይጣላል፣ ጥቂቱ ደግሞ ልጁን ይጎዳዋል።

በዚህ አገር ምክር ሁሉ የሚጀምረው ከብርድ ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረችው አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተገምሶ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የወረዳዋ ከተማ ጎረቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በአካባቢዋ ያሉት ጋራዎች 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። አዋቂ ሰው ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ በሚተኛበት ቦታ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ጨቅላ ምን ይሁን?

ጨቅላ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ቆዳው ሰፊ ነው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ትንሽ ነው፣ ሲወለድ ደግሞ እርጥብ ነው። አዋላጅ ነርሶች ልጁ እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በእናቱ ባዶ ደረት ላይ የሚያስተኙት፣ ራሱን በኮፍያ የሚሸፍኑት፣ ገላውን ለማጠብም ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቁ የሚሉት ለዚህ ነው። የድሮዎቹ አዋላጆች ግን ልጁ ከነደሙ እንዲያድር አይፈልጉም፤ ወዲያው ለብ ባለ ውኃ ያጥቡት ነበር። በደጋ ብርድ ይህች አንድ እጥበት ብቻ የልጁን ሰውነት ልታቀዘቅዘው ትችላለች።

የእናት ደረት ምድጃን እንደሚያስንቅ ሳይንሱ ራሱ የተረዳው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የኮሎምቢያ ሐኪሞች የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ጡቶች መካከል ቆዳ ለቆዳ አጣብቀው ማቆየት ጀመሩ። ዘዴው ልጇን በሆዷ ኪስ በምትይዘው አውሬ ስም «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተባለ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል በእናታቸው ደረት ላይ የቆዩት በተለመደው መንገድ ከታከሙት በተሻለ ቁጥር በሕይወት ተርፈዋል። ዘዴው መብራት አይፈልግም፣ ማገዶም አይፈጅም።

ማገዶው ግን ሌላ ጣጣ አለው። አራስ ብርድ እንዳይመታት በር ይዘጋል፣ የግድግዳው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ምድጃው ሌት ተቀን አይጠፋም። የሚነደው ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ጭሱም መውጫ አጥቶ እናትና ልጅ በተኙበት ቁመት ላይ ይንሳፈፋል። የሳንባ ምች ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚገድሉ በሽታዎች ቀዳሚው ነው፤ የቤት ውስጥ ጭስ ደግሞ መንገዱን ይጠርግለታል። እሳቱን አጥፉ ማለት በዚያ ብርድ ቀልድ ነው። የሚሠራው ምክር ከዚያ ያንሳል፦ እንጀራውና ወጡ በሌላ ጎጆ ይሠራ፣ እናቲቱ ካለችበት ክፍል የሚገባው የተቀጣጠለና ጭሱ ያለቀለት ፍም ይሁን፣ እሱም ቢሆን መተንፈሻ ሳይኖር አይደር። ፍም ጭስ ባይኖረውም በተዘጋ ቤት የማይታይና የማይሸት መርዝ ይለቃልና።

ከአራስ ቤት ነገር ሁሉ ማንም የማይከራከርበት ገንፎ ነው። ገብሱ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ውኃው ሲንተከተክ ዱቄቱ ይጨመርና እንዳይጓጉል በማማሰያ ይታሻል፤ ክንድ የሚያዝል ሥራ ስለሆነ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ያማስሉታል። ሲበስል ሳህን ላይ ይገለበጥና መሃሉ ተጎድጉዶ የተነጠረ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። አራሷ ከቀመሰች በኋላ ጠያቂዎቹ ከዳር ከዳር እየቆረሱ ወደ መሃል ይገባሉ። ጨዋታው የሚደራውም ያኔ ነው፤ የማን ልጅ በስንት ወሩ እንደዳኸ፣ የማን እንዳለቀሰ ዓመት እንደሞላው፣ ጡት አልወርድ ሲላት ማን አብሽ ጠጥታ እንደተሻላት ይወራል።

የጤና ሥርዓቱ ይህን ገንፎ ንቆ ብዙ ዓመት ከሰረ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ብቻ ነበሩ። እናቶች ጤና ጣቢያ የማይሄዱበትን ምክንያት ሲጠየቁ ከርቀቱና ከገንዘቡ ጋር ሌላም ነገር ያነሡ ነበር። ቀዝቃዛ ክፍል፣ የማይታወቅ ሰው፣ ዘመድ የማይገባበት በር፣ ቡናም ገንፎም የሌለበት ወሊድ። በኋላ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ይገነፋ፣ ቡና ይፈላ ጀመር፤ የመውለጃ ቀናቸው የተቃረበ እናቶች የሚሰነብቱባቸው ማቆያ ቤቶችም ተስፋፉ። የማቆያ ቤት ሐሳብ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 በጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 በመቶ ደረሱ። ለውጡን ገንፎ ብቻውን አላመጣውም፤ አምቡላንስም፣ መንገድም፣ ነፃ የወሊድ አገልግሎትም አሉበት። ገንፎው ግን እናቲቱን እንደ ሰው መቀበል ነው፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አንኮበር ባለ ገደላ ገደል አገር አምቡላንስ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ በደጋው ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ድረስ ማውጣት ዛሬም የጎረምሶቹ ሥራ ነው።

ለጤና ሠራተኞች ከባዱ ፈተና ግን ቅቤው ነው። በገንፎ ላይ ያለው ሳይሆን በልጁ አፍ የሚገባው። ሆዱን ያለሰልስለታል፣ ድምፁን ያሳምርለታል በሚል ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ በአማራ ክልል የቆየ ልማድ ነው። በአንጻሩ ወፈር ያለውና ቢጫው የመጀመሪያ ጡት፣ እንገሩ፣ «ያረጀ ወተት ነው፤ ሆድ ይቆርጣል» ተብሎ መሬት ላይ ይታለባል። ተገላቢጦሽ ማለት ይህ ነው። እንገር በሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበት የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ሲሆን፣ ያልተፈላ ቅቤ ግን ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። በእርግብግቢቱ ላይ የሚደረገው ቅቤ የሆድ ውስጡን ያህል አያሰጋም። አያቶች እርግብግቢቱን እየዳሰሱ የልጁን ጤና መገመታቸውም ከሕክምናው አይርቅም፤ ልጁ በተቅማጥ ውኃ ሲያልቅበት እርግብግቢቱ እንደሚሰረጉድ ማንኛውም ነርስ ይነግራችኋል።

ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ ላይ ግን መቻቻል የለም። ልጅ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው ገና ያልወጣ ጥርሱን ከድዱ በስለት መፈልቀቅ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉን ያመረቅዛል፣ ሊገድልም ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ምክንያት የሚደርስን የአካል ጉዳት ያስቀጣል። የልጁ ሕመም ተቅማጥ ከሆነ መድኃኒቱ ጤና ኬላው ውስጥ ያለ ኦአርኤስና ዚንክ ነው።

እንዲህ ያለውን ወሬ ማን ለማን ይንገር? በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። ብዙዎቹ ሲመደቡ ገና ወጣት፣ አንዳንዶቹም ያልወለዱ ነበሩ። ሰባት ወልዳ ላሳደገች አማት ስለ ልጅ አያያዝ ማስተማር እንዴት እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። መላ ሆኖ የተገኘው ቡና ነው። በወር አንድ ቀን ነፍሰ ጡሮች የሚሰበሰቡበት ውይይት በአማራ ክልል ቀበሌዎች የተለመደ ሆኗል። ቡናው ይፈላል፣ ከጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ትመጣለች፤ ብልህ የሆነች ባለሙያ ደግሞ ከምጥ ጊዜ ጀምሮ ውሳኔው በእጃቸው ስለሆነ አማቶችንና አያቶችን ሳትጠራ አትቀርም። እዚያ ሠላሳ ገጽ ማስተማሪያ ከማንበብ ይልቅ ለመጨረሻ ልጇ ቅቤ ሳትሰጥ፣ እንገሯን አጥብታ ያሳደገች አንዲት ጎረቤት ብትናገር ይበልጥ ይሰማል። የእርሷን ልጅ ሁሉም ያየዋላ!

ውጤቱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ተጨማሪ ምግብና ውኃ ሳይቀላቀል ጡት ብቻ የሚጠቡ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ በ2011 ዓ.ም. 59 በመቶ ነበሩ። ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ በሚደረስበት በአልዩ አምባ ገበያ ዙሪያ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል። እዚያ ቆላ ነው፤ ችግሩ ሙቀትና ወባ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ሲሆን፣ በእስልምና ሥርዓት ለተወለደው ልጅ በጆሮው አዛን ይባልለታል፣ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ወጥቶለት ስም ይሰየምለታል። «ልጁ ጠምቶታል» ብላ ውኃ ልትሰጠው የምትቸኩል እናት እዚያ ትበዛለች። የእናት ጡት ወተት ግን ከ100 እጅ 88 ያህሉ ውኃ ነው፤ በቆላ ፀሐይም ቢሆን ለስድስት ወር ይበቃዋል። ደጋ ላይ ስለ ብርድ ልብስ በሚወራበት ሰዓት ቆላ ላይ የሚወራው ስለ አጎበር ነው።

ደጋው ላይ ፀሐይ ሌላ ክርክር ያስነሣል። ልጁ ዓይን እንዳይበላው ተሸፋፍኖ ከጎጆ ሳይወጣ ሳምንታት ይቆያል፤ አጥንት የሚያጠነክረው ቫይታሚን ዲ ግን ቆዳ ፀሐይ ሲያገኝ የሚሠራ ነው። ሲጎድል እግር ይወላገዳል፣ መቆምና መሄድ ይዘገያል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ልጁን ገላልጣችሁ ለአጭር ጊዜ የጠዋት ፀሐይ አሙቁት ይላሉ። ዓይን የሚፈሩ እናቶችም አንድ ብልሃት አላቸው፤ ሰው ከማይበዛበት ጓሮ ይቀመጣሉ። ለፀሐዩ ጓሮም ደጅም አንድ ነው።

በኦርቶዶክሳውያኑ ቤት ልጁ በይፋ ከጎጆ የሚወጣው ለክርስትናው ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ። ሲወለዱም ልዩነት ነበር፤ በብዙ የሸዋ ቤት ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። ሴቷ አራቱን እልልታ በምን ጥፋቷ እንዳጣች የሚያስረዳ አልተገኘም። በእጥፍ የሚረዝመው የአራስነቷ ጊዜ ግን በአንድ በኩል ይክሳታል፤ እናቷ ከእንስራና ከምጣድ ርቃ የምታርፍበት ቀን ይጨምራልና።

ከዚያ በኋላ ልጁ ጀርባ ላይ ይወጣል። እናት ጎንበስ ትላለች፣ አያት ልጁን አንሥታ ጀርባዋ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እግሮቹ በወገቧ ግራና ቀኝ ይከፈታሉ፣ ማዘያው ከደረቷ በታች ይቋጠራል፣ ነጠላው ከላይ ይደረባል። የአጥንት ሐኪሞች ይህን አቀማመጥ ይወዱታል፤ ጭን ተከፍቶ ጉልበት ሲታጠፍ የዳሌው መጋጠሚያ በቦታው ይጸናል። እግርን ቀጥ አድርጎ በጨርቅ ጠፍሮ መጠቅለል ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ መጠቅለሉ ካልቀረ ከወገብ በታች ላላ ይበል ይላሉ።

ስድስተኛው ወር ሲሞላ ወሬው ወደ ምግብ ይዞራል። ደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ የሚያመርት ሆኖ ሳለ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨር ይታይባቸው ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። አንዱ ምክንያት ምግቡ እያለም ልጁ የሚቀርብለት የቀጠነ አጥሚት ወይም ሽሮ የነካው እንጀራ ብቻ መሆኑ ነው። እንቁላሉ ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙና ይገዛበታል። ለዚህ የሚመከረው ምጥን ነው፦ እህሉና ጥራጥሬው አብረው ተፈጭተው ወፈር ያለ ገንፎ ይሠራል፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨመርበታል፣ ሲገኝ እንቁላል ይመታበታል። አፍ ላይ ሲከለከል የነበረው ቅቤ አሁን ተፈቅዶለት ይመለሳል ማለት ነው፤ አያቶች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

በኩፍኝ ክትባት ቀን፣ በዘጠነኛው ወር፣ የልጁ ክንድ በባለቀለም ጥብጣብ ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ወረፋ የያዙት እናቶች የአንዱን ልጅ ቀለም ከሌላው ያስተያያሉ፤ ቢጫ የወጣባት አረንጓዴ የወጣላትን ምን እንደምታበላ ትጠይቃታለች። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15ኛው ወር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር እንዲህ ያለው ቀጠሮ ይፋለሳል።

አባቶችስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለደመወዝተኛ አባት ሚስቱ ስትወልድ የሦስት ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጠዋል፤ እናቲቱ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን አላት። የአንኮበር ገበሬ ግን ፈቃድ የሚጠይቀው አለቃ የለውም፤ ልጁ በእርሻ ወራት ከተወለደ እርሻው አይጠብቀውም። ቃሬዛ መሸከም፣ በግ ማረድ፣ ክርስትና አባት መፈለግ የእርሱ ነው። ልጅ ማዘል ግን እስካሁን የወንድ ሥራ ተደርጎ አይታይም፤ በቡናው ውይይት ላይም አባቶች ሲጠሩ የሚመጡት ጥቂቶች ናቸው። የመጡት ደግሞ በብዛት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ሌሊት የሚያለቅሰው እስከ መቼ ነው? አዋላጆቹ ብዙ ሕፃናት ከሦስተኛው ወር በኋላ እየተሻላቸው እንደሚሄድ ይነግሯቸዋል፤ እስከዚያው በየተራ ብታቅፉትስ ብለውም ይጨምራሉ።