አራት አስ ይዞ መሸነፍ

ለአፍታ ራስዎን የካርታ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። አራት ካርታዎች ተደፍተው ደረሱዎት። ማንም እንዳያይብዎ ጠርዛቸውን ብቻ ቀና አድርገው ሲመለከቱ አራቱም አስ ናቸው! ኮንከር እየተጫወተ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ዕድል አለ? ኦማሃ በሚባለው የፖከር ዓይነት ግን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይህን እጅ አብዛኛውን ጊዜ ሳያቅማሙ ይጥሉታል።

ምክንያቱ ያለው በጨዋታው ሕግ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው አራት ካርታዎች ይሰጡታል። ጠረጴዛው መሃል ደግሞ አምስት ካርታዎች ለሁሉም ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ተጫዋቹ አሸናፊ አምስት ካርታዎችን የሚያዋቅረው ከእጁ ሁለት፣ ከጠረጴዛው ሦስት ወስዶ ነው። ከእጁ አንድ ወይም ሦስት መጠቀም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከአራቱ አሶችዎ የሚሠሩልዎት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ትርፎች ሥራ ፈት ከመሆናቸውም በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጥተው ሊያጠናክሩዎት ይችሉ የነበሩትን አሶች እርስዎው ራስዎ ይዘዋቸዋል።

ድር ቢያብር

ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ያየነው ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን ፖከር ነው። እዚያ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ካርታ ነው። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ቢገጥም ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል። በኦማሃ ግን ከአራት ካርታ ስድስት ዓይነት ጥንድ ይወጣል። ስለዚህ ጠረጴዛው ዙሪያ ካሉት አንዱ ጠንካራ ነገር ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሁለት አስና ሁለት ንጉሥ የያዘ ሰው እንኳ፣ ከ8፣ 7፣ 6 እና 5 ጋር ተፋጥጦ የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 60 ገደማ ሊወርድ ይችላል።

ስለዚህ የኦማሃ ተጫዋች የሚፈልገው ነጠላ ትልቅ ካርታ ሳይሆን እርስ በርስ የሚረዳዱ አራት ካርታዎችን ነው። ቁጥራቸው የተከታተለ፣ ምልክታቸውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚመሳሰል ቢሆን ይመርጣል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት እዚህም ይሠራል። በሆልደም ሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ ተከታታይ የሚጠብቅ ሰው የሚያሟሉለት ካርታዎች 8 ናቸው፤ በኦማሃ ግን እስከ 20 ሊደርሱ ይችላሉ።

አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ሁሉም ብዙ ዕድል ስላለው «ጥሩ» እጅ አይበቃም። አምስት የልብ ምልክት ያላቸው ካርታዎችን ያሟላ ሰው ደስ ብሎት ገንዘቡን ሲያፈስ፣ ከእሱ የሚበልጥ ልብ የያዘው ሰው ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። በኦማሃ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለው እጅ ነው። ከንቱ እጅማ ቀድሞ ስለሚጣል ብዙም አይጎዳም።

ገንዘብ የማስያዙ ሕግም ትዕግሥት ይጠይቃል። ኦማሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው መጨመር የሚቻለው በመደቡ ልክ ብቻ ሆኖ ነው። መደቡ 100 ሆኖ ተቃራኒዎ 50 ቢያስይዝ፣ እርስዎ መጀመሪያ 50ውን ይከፍላሉ፤ መደቡ 200 ይሆናል። ከዚያ በላይ ሊጨምሩ የሚችሉት ቢበዛ 200 ነው። ያለዎትን ሁሉ ወደ መሃል ገፍተው ሰዉን ገና ከጅምሩ ማስደንገጥ ቀላል አይደለም።

ካሜራው ያመጣው ለውጥ

ፖከር ለረጅም ጊዜ ለቴሌቪዥን የማይመች ጨዋታ ነበር። ተመልካቹ የሚያየው የተኮሳተሩ ፊቶችን ብቻ ነበርና። ፖላንድ ተወልዶ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች የተረፈው፣ በአሜሪካም የአሻንጉሊት ፈጣሪ የሆነው ሄንሪ ኦረንስታይን የተደበቁ ካርታዎችን ለተመልካች ለሚያሳይ ጠረጴዛ በ1995 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘ። በ1999 የብሪታንያው ቻናል 4 «ሌት ናይት ፖከር» በተባለ ፕሮግራሙ የተጫዋቾቹን ካርታ በመስታወት ሥር በተቀመጡ ካሜራዎች ማሳየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ የተቀመጠው ተመልካች ከተጫዋቾቹ ሁሉ የበለጠ የሚያውቅ ሆነ።

በ2003 ላስ ቬጋስ የተደረገውን የዓለም ውድድር ፍጻሜ እንውሰድ። ጨዋታው ሆልደም ነበር፤ ከተፋለሙት አንዱ ሳም ፋርሃ ግን በኦማሃ ችሎታው የታወቀ ነው። ክሪስ መኒሜከር የተባለው የቴነሲ የሒሳብ ባለሙያ ጥንድ እንኳ ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ረጅም ጊዜ አሰበ፤ በመጨረሻም ጣለው። ቤት ሆኖ ሁለቱንም እጅ ላየ ሰው «እንዴት ይጥለዋል!» ማለት ቀላል ነበር። ፋርሃ ግን የሚያየው የራሱን ካርታና ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነው።

በ2004 በኦማሃ ውድድር የዓለም ሻምፒዮና አምባር ያሸነፈችው፣ ሥነ ልቦና ያጠናችው አኒ ዱክ በኋላ በመጽሐፏ ያነሳችው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መመዘን ያሳስታል ትላለች። ጥሩ ወስኖ መሸነፍ አለ፤ በስህተት ወስኖ ማሸነፍም አለ። እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያም ሽያጭ ሲጨምር «ዘመቻችን ሠራ» ብለን እናጨበጭባለን፤ ተፎካካሪያችን ዕቃ አልቆበት እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

ጠረጴዛው ላይ ይህን የማይለይ ሰው በባህርዩ ይታወቃል። በዕድል ሲሸነፍ ይናደዳል፤ «የወሰዱብኝን ላስመልስ» ብሎ ቀድሞ ይጥላቸው በነበሩ ካርታዎች ይገባል። ጥሩ ተጫዋች ግን ተሸንፎም እንደቀድሞው ይጫወታል፤ ካልቻለም ተነስቶ ይሄዳል።

ያልታየው

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ስለምሰጋ ነው። ቤታችን ያሉ ወጣቶች እነዚህን ጨዋታዎች በስልካቸው ያያሉ። የሚያዩት ግን የሰዓታት ጨዋታ ተቆርጦና ተመርጦ የቀረበውን ነው። ካርታ እየጣሉ ያለፉት ረጅም ሰዓታት ማስታወቂያ አይስቡም። መኒሜከር ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ማሸነፉን ሁሉም ያወራል። በዚያ ውድድር የተሳተፉት 839 ሰዎች ነበሩ፤ ሽልማት የደረሳቸው 63ቱ ብቻ ናቸው። 776ቱ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የሽልማቱ ገንዘብም የመጣው ከእነሱ ጭምር ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ወይም ታናሽ ወንድምዎ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲያይ ቢያገኙት ከመቆጣትዎ በፊት አጠገቡ ይቀመጡ። ካርታዎቹ የሚታዩበትን የስክሪኑን ጥግ በእጅዎ ይሸፍኑና «አሁን አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ጨዋታው ከጣመው ቅዳሜ ከሰዓት ቡና እየተፈላ በሽምብራ ቆሎ ይጫወቱ፤ የተሸነፈ ቢበዛ ቆሎው ይበላበታል። ከአስር ዙር በኋላ ስንቱን በትክክል እንደገመተ አብራችሁ ቁጠሩ። እጅዎን ከስክሪኑ ላይ ሲያነሱ ቀላል ይመስል የነበረው ውሳኔ፣ ተሸፍኖ ሳለ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ራሱ ይነግርዎታል።