የጦር መርከብን ማን ይቀልበዋል?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ካለ ያንሱ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጅዎ ከፊትዎ አንጠልጥለው በመካከላቸው ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉና እፍ ይበሉበት። የሚራራቁ ይመስላል፤ ግን ይጣበቃሉ። በጠባብ ቦታ የሚሮጥ አየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ በውጭ በኩል ያለው አየር ደግሞ እንዳለ ስለሚጫን ወረቀቶቹን ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ውሃም ጠባዩ ይኸው ነው።

አሁን ወረቀቶቹን ይተዉና ሁለት መርከብ ያስቡ። አንዱ 150 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጦር መርከብ፣ ሌላው ከእሱም የሚበልጥ ነዳጅ ጫኝ ነው። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለው ውሃ 50 ሜትር ቢሆን ነው። ይህ በመካከል የሚሮጥ ውሃ አንዱን ወደ አንዱ ይስበዋል። ባሕረኞቹ እንዲህ ሆነው አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የጦር መርከብ ውቅያኖስ መካከል ነዳጅ የሚቀዳው በዚህ መንገድ ነው።

ቆመው ቢቀዱ አይሻልም ወይ? አይሻልም። መርከብ ለመሪው የሚታዘዘው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ የቆመን መርከብ ማዕበል እንደፈለገ ያንገላታዋል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የቆመ መርከብ ለጠላት የተመቸ ዒላማ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በቀጭን ገመድ ነው። ከአንዱ መርከብ ጠመንጃ ይተኮስና ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ቀጭን ሲባጎ ወደ ሌላው ይበርራል። በሲባጎው ወፈር ያለ ገመድ ይጎተታል፣ በዚያ ደግሞ የባሰ ወፍራም፣ በመጨረሻ የብረት ገመድ ይደርሳል። መርከቦቹ በማዕበል ሲራራቁና ሲቀራረቡ የብረት ገመዱ እንዳይረግብና እንዳይበጠስ ውጥረቱን የሚጠብቅ መሣሪያ አለ። የነዳጁ ቱቦ በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገርና ጫፉ ተቀባዩ መርከብ ላይ ካለው አፈ ሰፊ መግጠሚያ ገብቶ ይቆለፋል። ቀለም ቀለም ባንዲራ የታሰረበት ሌላ ገመድ ርቀቱን በዓይን ያሳያል፤ ሌሊት በባንዲራው ፈንታ ትንንሽ መብራት ይሆናል። መሪ የያዘው ወጣት ዓይኑን ከኮምፓሱ አይነቅልም፤ የሚያርመው በአንድ ዲግሪ፣ በግማሽ ዲግሪ ነው። አደጋ ከመጣ ሁሉም ነገር በቅጽበት ተላቅቆ መርከቦቹ እንዲለያዩ አስቀድመው ልምምድ አድርገዋል። እኔ በባሕር ላይ ካለ ሥራ ሁሉ ይህን የሚያህል የማከብረው የለም።

ይህ ዘዴ ዛሬ የመጣ አይደለም። በግንቦት 1917 እ.ኤ.አ. ማውሚ የተባለች የአሜሪካ ነዳጅ ጫኝ ወደ አየርላንድ የሚሻገሩ አጥፊ መርከቦችን አትላንቲክ መካከል ነዳጅ ሞላቻቸው። አጥፊዎቹ ትንንሽ ስለነበሩ በያዙት ነዳጅ ብቻ ውቅያኖሱን ማቋረጥ ያስቸግራቸው ነበር። የገመዱንና የቱቦውን አሠራር ካቀዱት መኮንኖች አንዱ የማውሚ ዋና መሐንዲስ ቼስተር ኒሚትዝ ነበር። ያ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን የፓስፊክ ባሕር ኃይል መርቶ አሸነፈ። ከጦር አዛዥነቱ በፊት ነዳጅ ቀጂ መሆኑ እንዲሁ የሚታለፍ አይመስለኝም።

ዛሬ በእሱ ስም የሚጠሩት አውሮፕላን ተሸካሚዎች በኑክሌር ኃይል ይሄዳሉ። 333 ሜትር ይረዝማሉ፤ ለራሳቸው ጉዞ ከ20 ዓመት በላይ ነዳጅ አይቀዱም። ታዲያ ቀላቢ አያስፈልጋቸውም? ያስፈልጋቸዋል እንጂ! አውሮፕላኖቹ ነዳጅ ይጠጣሉ፤ ያውም በቀላሉ እሳት እንዳይያዝ ተብሎ ለመርከብ የሚዘጋጅ ልዩ ነዳጅ። ሰው ደግሞ በኑክሌር አይጠግብም። 5,000 ገደማ ነፍስ ተሳፍሯል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ቢበላ 15,000 ገበታ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኖ ለሚያድረውም እኩለ ሌሊት ላይ ምግብ ይቀርባል።

ደረቁ ስንቅ፣ ሥጋው፣ አትክልቱ፣ መለዋወጫው፣ የቤተሰብ ደብዳቤው በዚያው በብረት ገመድ ወይም በሄሊኮፕተር ሆድ ሥር በመረብ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ከመርከቡ ወለል እስከ ግምጃ ቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚያደርሰው የሰው እጅ ነው። ባሕረኞቹ በጠባቡ ደረጃ ላይ ተሰልፈው ካርቶኑን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉታል። ደቦ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ውሃው ግን ከሌላ መርከብ አይጠበቅም፤ እዚያው ይሠራል። ቀይ ባሕርን አንድ ሊትር ቢቀዱ 40 ግራም ያህል፣ ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ጨው አለበት። ያን የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መፍትሔውን ያውቀዋል፤ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ጨው ከእንፋሎት ጋር ስለማይወጣ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ነው። ችግሩ ይህን ሁሉ ለማፍላት ብዙ ማገዶ መፍጀቱ ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ እናቶች ችግር የመርከቡ መፍትሔ ይሆናል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። መርከቡ ውስጥ ደግሞ ከማፍያው አየሩን በፓምፕ ይመጡታል። ግፊቱ ሲወርድ ውሃው ከ100 ዲግሪ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይንተከተካል፤ በብዙ መርከብ ከሞተር የተረፈው ሙቀት ይበቃዋል። አዳዲሶቹ መርከቦች የባሕሩን ውሃ ከመኪና ጎማ ከ20 እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት በስስ ማጣሪያ ውስጥ ያስጨንቁታል። ጨው ይቀራል፣ ውሃ ያልፋል። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ያህል ማጣራት ይችላል።

የተሰበረ ቢኖርስ? ቶርኖ ቤት አለ፣ በያጅ አለ፤ መለዋወጫ እስኪመጣ ባሕር አይጠብቅም። ልብስ አጣቢውም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ የጥርስ ሐኪሙም ከዚያው ናቸው። እሳት ከተነሣ ደግሞ ምግብ አብሳዩም እሳት አጥፊ ነው፤ የሚጠራ ጎረቤት የለም።

በዚህ ሁሉ ብልሃት እስካሁን በደንብ ያልተፈታ አንድ ነገር ሚሳኤል ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርድ፣ ቁመቱ ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ዕቃ ነው። መርከቡ እየተወዛወዘ እሱን በትክክል ማውረድ እጅግ አስጊ ስለሆነ፣ የተኮሰ መርከብ ወደብ ተመልሶ ይጭናል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ተሰልፈው ሚሳኤል ሲተኩሱ የቆዩትን የጦር መርከቦች ይህ ከብዷቸው ነበር። አሜሪካኖች በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሳንዲያጎ አጠገብ በጉዞ ላይ መጫኛ አዲስ መሣሪያ ሞክረዋል።

ቀላቢው ሲመታ ምን እንደሚሆን እንግሊዞች በ1982 እ.ኤ.አ. በፎክላንድ ጦርነት አይተዋል። አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለች የንግድ መርከብ ድንኳንና ሄሊኮፕተር ጭና ስትሄድ በአርጀንቲና ሚሳኤል ተመታች። 12 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት ትልልቅ የቺኑክ ሄሊኮፕተሮች ተቃጠሉ። በሄሊኮፕተር ሊጓዝ የነበረው ወታደር ዕቃውን ተሸክሞ ረግረጉን በእግሩ አቋረጠ። በአማርኛችን «ስንቅና ትጥቅ» ሲባል ስንቅ የሚቀድመው አለምክንያት አይደለም።

እኛም ባሕር ኃይል ነበረን። ምጽዋ ላይ የቆመችው ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ትረዝም ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ስሟ ኦርካ ሲሆን፣ በፓስፊክ ጦርነት ሥራዋ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥገናና ማረፊያ ማቅረብ ነበር። ሰንደቃችንን ይዛ የመራችው፣ ልጆቻችን ባሕረኝነት የተማሩባት መርከብ በትውልዷ ቀላቢ ነበረች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

በእሷ ላይ ያገለገሉ ሰዎች ግን በአገር ቤትም በውጭም አሉ። ከቤተሰብዎ ወይም ከሠፈርዎ አንድ የቀድሞ ባሕረኛ ካለ፣ ስለ መድፉ ብቻ አይጠይቁት። ሞተር ክፍሉ ስንት ዲግሪ ይሞቅ እንደነበር፣ ውሃው እንዴት ይጣራ እንደነበር፣ ምግቡን ማን ያበስል እንደነበር ይጠይቁት፤ የሚነግርዎትንም ይጻፉት።