ጃማይካ፤ በባሕር ማዶ ያለች የኢትዮጵያ ወዳጅ

የሀገራችን ሰው «ባሕር ማዶ» ባለ ጊዜ አሳቡ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ አውሮጳና ወደ አሜሪካ ነው። ነገር ግን በካሪቢያን ባሕር መካከል በተቀመጠች በአንዲት ትንሽ ደሴት የኢትዮጵያ ስም በመዝሙር ሲነሣ፤ ሰንደቅ ዓላማዋም በግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታያል። ይህችውም ጃማይካ ናት። ደሴቲቱን ተዘዋውረን ካየነውና ከሰማነው ጥቂቱን ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ጃማይካ ስፋቷ 11,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም የጣናን ሐይቅ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ዋና ከተማዋ ኪንግስተን በባሕር ዳር ስለ ሆነች ሙቀቷ ለደገኛ ሰው ይከብዳል። ከከተማዋ ወጥተን «ሰማያዊ ተራሮች» ወደሚባሉት ስንወጣ ግን አየሩ ቀዘቀዘ፤ ጉሙም መንገዱን ሸፈነው፤ ሀገራችንም ትዝ አለችን። የተራሮቹ ጫፍ 2,256 ሜትር ከፍታ አለው። የጎንደር ከተማ ራሷ ከዚህ እምብዛም እንደማታንስ፤ ራስ ደጀንም ከ4,500 ሜትር በላይ እንደ ሆነ ለመሪያችን በነገርነው ጊዜ እጅግ ተደነቀ። በዚያ ዳገት የሚበቅለው ቡና በዓለም ገበያ ዋጋው ውድ ነው። ተክሉ ወደ ደሴቲቱ የገባው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1728 ሲሆን፤ የዘሩ መነሻ ኢትዮጵያ ናት። እንግዲህ ሀገራችን ጃማይካን ከልጆቿ አስቀድማ በተክሏ ጎብኝታታለች ማለት ይቻላል።

የሕዝቡ ታሪክ ግን እንደ ምድሩ ልምላሜ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። አብዛኞቹ ከአፍሪካ በባርነት ተወስደው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሲደክሙ የኖሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ከባርነት ፈጽመው የወጡት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1838 ነው፤ ሀገራቸውም ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የሆነችው ሐምሌ 30 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ስማቸውን፤ ቋንቋቸውንና የአባቶቻቸውን ርስት የተነጠቁት እነዚህ ሰዎች የኢትዮጵያን ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ባገኙት ጊዜ እንደ ገዛ ቤታቸው ያዙት። ዳዊት በመዝሙሩ ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተናገረው ቃልም ተስፋ ሆናቸው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያዩ ወገኖች ተነሡ፤ በቀድሞ ስማቸውም ራስ ተፈሪያውያን ተባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከብቦ መውረጃ አሳጣቸው። ከወገኖቹ መሪዎች አንዱ የሆነው ሞርቲመር ፕላኖ ሕዝቡን አረጋግቶ መንገድ እንዳስከፈተ እስከ ዛሬ በፍቅር ይተረካል።

ኦርቶዶክሳዊ ሰው ይህን ሲሰማ ፍቅሩ ደስ ያሰኘዋል፤ ለፍጡር የቀረበው አምልኮ ግን ያሳዝነዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ከመንቀፍ ይልቅ ማስተማርን መረጠች። በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማንደፍሮ በ1962 ዓ.ም. ወደ ደሴቲቱ ሄደው በአብ፤ በወልድ፤ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠመቁ። በንጉሠ ነገሥቱ ስም ካልሆነ አንጠመቅም ያሉ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ሃይማኖታቸውን ሳያላሉ፤ ሰዎቹንም ሳይጠሉ በትዕግሥት ኖሩ። ስመ ጥሩው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1973 ዓ.ም. ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጸሎተ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ተደረገለት።

በኪንግስተን በማክስፊልድ ጎዳና ባለችው በቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነጭ ለብሰው ሲያስቀድሱ አየን። ቅዳሴው በእንግሊዝኛ ሲሰማ፤ ግእዙም በመካከሉ ይመጣል። አንዲት አሮጊት እናት ከጎንደር መምጣታችንን ሲሰሙ ስለ ጥምቀት በዓል ጠየቁን። የቀሐ ወንዝ ውኃ ተመርቶ የፋሲልን መጠመቂያ እንደሚሞላ፤ ታቦታቱም ወርደው በዚያ እንደሚያድሩ ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፤ «እኔ ስሙን ብቻ ሰምቼ ልቤ ይናፍቃል፤ በአጠገቡ የምትኖሩት እናንተማ እንዴት አድርጋችሁ ትጠብቁት ይሆን!» አሉ።

ይህ ጥያቄ ለእያንዳንዳችን ቤት የቀረበ ጥያቄ ነው። እነዚያ በብዙ ልቅሶ የፈለጉትን እኛ በልጅነታችን ያለ ድካም ተቀብለነዋል፤ ያለ ድካም የተገኘ ነገር ደግሞ ቶሎ ይናቃል። ስለዚህ ልጆቻችንን ጾሙንና ጸሎቱን ከነምክንያቱ እናስተምራቸው፤ የቀሐንም ውኃ ከጉድፍ እንጠብቀው። ጠጉሩን የጎነጎነ እንግዳ ከዚያች ደሴት ለጥምቀት ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ ልጆቻችን ተከትለው እንዳይሥቁበት እንምከራቸው። ወደ ቤት ይግባ፤ ቡና ይፈላለት፤ ስለ እምነታችን ቢጠይቅ በትሕትና ይመለስለት። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የናፈቃት ኢትዮጵያ መልኳ እርሱን በተቀበለው ቤት ይታወቃልና።