በፑል ጨዋታ የመጀመሪያው ምት

በእኛ በተማሪዎች ዘንድ አንድ የቆየ እምነት አለ፤ ይኸውም የፑልን ኳሶች አሳምሮ የሚበትን ክንደ ብርቱ ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። እኔ ክንደ ቀጭን ስለ ሆንሁ ነገሩ በብርቱ ያሳስበኝ ነበር። በብዙ ፑል ቤት የጨዋታውን ዋጋ የሚከፍለው ተሸናፊው ነውና፣ የታክሲ ገንዘቡን ብቻ በኪሱ ለያዘ ተማሪ መሸነፍ ማለት በእግር ወደ ቤት መሄድ ነው። ስለዚህ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ይዤ ነገሩን መረመርሁት፤ ያገኘሁትንም ለውድ አንባብያን ላካፍል እወዳለሁ።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለሒሳብ የተመቸ መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ኮሪዮሊስ በ1835 እ.ኤ.አ. ስለ ቢሊያርድ ሒሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

አስቀድመን ስለ ማነጣጠር እንመልከት። የፑል ኳስ ውፍረቱ 5.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በትልቁ ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ ላይ ከመነሻው መስመር እስከ መሪው ኳስ ያለው ርቀት 127 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ነጩ ኳስ በዚህ መንገድ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ መሪው ዘንድ ሲደርስ ከመካከሉ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ስሕተቱ ጥቂት ጨምሮ የመሪውን ግማሽ ጎን ብቻ ቢያገኝ፣ የተጋጩት ሁለት ኳሶች ብቻ እንደ ሆኑ አድርገን ስናሰላው፣ ከጉልበቱ ሩቡ ከነጩ ጋር ወደ ጎን ይሄዳል። ነጩ ራሱ ኪስ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ተራው ለተጋጣሚ ይተላለፋል። እንግዲህ ያልተስተካከለ ብርቱ ምት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መጫን ነው።

ጉልበትስ ከወዴት ይገኛል? ከክንድ ውፍረት ሳይሆን ከስቲኩ ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የእንቅስቃሴ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ክንድም ካልተጨናነቀ ፈጣን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ ኳሶቹ ሲደረደሩ እርስ በርሳቸው መነካካታቸውን ተመልከቱ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ጉልበቱ እንደሚገባ አይተላለፍም።

ሁለተኛ፤ ስቲኩን ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ላላ አድርጋችሁ ያዙ። አጥብቆ የጨበጠ እጅ ክንዱን ያዘገየዋል።

ሦስተኛ፤ ስቲኩን በተቻለ መጠን አግድም አድርጋችሁ ነጩን ከመካከሉ ምቱ። ጎኑን የመታችሁት እንደ ሆነ ካሰባችሁት መስመር ይወጣል፤ የስቲኩ ኋላ ከፍ ካለም ኳሱ ይዘላል።

አራተኛ፤ በቀስታ ጀምራችሁ ፍጥነቱን ወደ ፊት ጨምሩ፤ ኳሱ ከተነካ በኋላም ስቲኩ መንገዱን ይቀጥል።

ልምምዱም ቀላል ነው። በግማሽ ጉልበት ጀምራችሁ ነጩ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ወደ ቀኝ ከሄደ የመሪውን ቀኝ ጎን መትታችኋል፤ ወደ ግራ ከሄደም ግራውን። ነጩ በጠረጴዛው መካከል መቆም ሲለምድ ጥቂት ፍጥነት ጨምሩ፤ መሳት ሲጀምር መልሳችሁ ቀንሱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ጉልበት የሚጨመረው ማነጣጠር በፈቀደው መጠን ነው። በዓለም አቀፉ የስምንት ቁጥር ጨዋታ ደንብ፣ ኳስ ካልገባ ቢያንስ 4 ኳሶች የጠረጴዛውን ጠርዝ መንካት አለባቸው፤ ለጀማሪ ይህ መልካም መመዘኛ ነው።

እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ወር ያህል ተለማመድሁ። ክንዴ አልወፈረም፤ ነገር ግን በሰውነት ከሚበልጡኝ ጓደኞቼ እኩል እበትናለሁ፤ ነጩም ኪስ የሚገባብኝ ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሰውነታችሁ ማነስ ምክንያት የመጀመሪያውን ምት ለሌላ የምትለቁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስቲኩን ራሳችሁ አንሡ፤ የጥናት ሰዓታችሁን ግን ፑል ቤት አታሳልፉት።