የልጅነት ቍስል እንዴት ይሽራል?

በልጅነት የደረሰ ጉዳት ከልጅነት ጋራ አብሮ አያልፍም። ሕፃኗ አድጋ ጎጆ ከወጣችና የልጆች እናት ከሆነች በኋላም ቍስሉ በሰውነቷና በልቧ ይኖራል። ይልቁንም ጉዳቱን ያደረሰባት ጠላት ሳይሆን የሚወዳት ቤተ ሰብ ሲሆን ለማን አቤት ትላለች? ስለዚህም ብዙ እናቶች ሕመማቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም ብለው ኖረዋል።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ከነበረችው ከሆሳዕና ከተማ ተነሥቶ ወደ ዱራሜ የሚጓዝ መንገደኛ የሀድያን ምድር አልፎ ከምባታ ይገባል። በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛት ከጋብቻ በፊት የሚፈጸም የክብር ልማድ ሆኖ ለብዙ ዘመን ኖሯል። በአገሩ ቋንቋ የሚጠራበትም ስም «ቆሻሻን ቈርጦ መጣል» እንደ ማለት ነበር። እንግዲህ ሥቃዩ እንዲህ ያለ ስም ከተሰጠው ልጅቱ እንዴት አድርጋ ታማርራለች?

ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በዚሁ አገር ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ተገረዙ፤ ብዙ ደም ፈሷቸው ለጥቂት ከሞት ተረፉ። ሴት ልጅን ማስተማር ባልተለመደበት በዚያ ዘመን ውሃ ለመቅዳት እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቈጠሩ። ከዚያም አዲስ አበባ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተማሩ። በውጭ አገር ተደላድለው መኖር ሲችሉ ግን ወደ ቈሰሉበት ምድር ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተ ጋራ ሆነው «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ።

ሕዝቡ አስቀድሞ የጠየቃቸው ግን ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎችም ወደ ገበያ እንዳይሄዱ ወንዙ ያግዳቸው ነበርና። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ጆሮ ተሰጣቸው። ከዚያም በየቀበሌው ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት በአንድነት ተቀምጠው መነጋገር ጀመሩ። ሴቶች ለዘመናት በልባቸው የያዙትን ነገር በባሎቻቸውና በልጆቻቸው ፊት ተናገሩ። ዕድሮችም በነገሩ ገቡበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ በክብር ተዳረች፤ ሙሽራውም በዚህ ደስ እንደሚለው በሕዝብ ፊት መሰከረ።

ፍሬውም ታየ። ማኅበሩ ሥራውን ሲጀምር ከመቶ 97 ያህሉ ሕዝብ ልማዱን ይደግፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኒሴፍ በተደረገ ጥናት ግን ልማዱን የሚፈልጉት ከመቶ 5 ያነሱ ሆነው ተገኙ። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ዐረፉ።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ይህ ነገር የከምባታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ከመቶ 65ቱ የተገረዙ ነበሩ። ድርጊቱን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይቀጣል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ለአብርሃም የተሰጠው ትእዛዝም ስለ ወንዶች ብቻ የተነገረ ስለ ሆነ፣ ማንም ሰው ሃይማኖትን ለዚህ ልማድ ምክንያት ሊያደርግ አይገባውም።

እንግዲህ በየቤታችን ይህን ቍስል የተሸከመች እናት፣ ሚስት ወይም እኅት ልትኖር ትችላለች። ባል ሚስቱ ሕመሟን ብትነግረው በትዕግሥት ይስማት፤ ወደ ሐኪም ቤትም አብሯት ይሂድ። በተለይ የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ አዋላጇ ነገሩን አስቀድማ እንድታውቅ ያድርግ። ልባቸው የከበደባቸውም ለነፍስ አባታቸው ቢያማክሩ ነውር የለበትም። ልጃቸውን ያስገረዙ እናቶች ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው በልጅነታቸው የቈሰሉ ናቸውና ወቀሳ ብቻ አያድናቸውም።

የከምባታ እናቶች ያለፈውን ቀን መመለስ አልቻሉም። ነገር ግን ዝምታቸውን ስለ ተዉ፣ በእነርሱ የደረሰው በልጆቻቸው እንዳይደርስ አደረጉ። እናት ሴት ልጇን ሙሉ አካል ይዛ ስታድግ ስታይ፣ የገዛ ቍስሏ መሻር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።