ከካሴት ክር ወደ ሃርድ ዲስክ

የድምፅና የቪዲዮ ካሴትን ዲጂታል ማድረግ ማለት በማግኔት ክር ላይ የተቀረጸውን ሞገድ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለኩ በቁጥር መመዝገብ ነው። ለሲዲ ጥራት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ደህና ቴፕ፣ ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ የድምፅ ካርድና ገመድ። ብዙ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይጫወታል፤ ሦስት መቶ ካሴት ያለው ቤት ሦስት መቶ ሰዓት ይጠብቀዋል።

በዚህ ምክንያት የትኛው ይቅደም የሚለው ከሁሉ በፊት መወሰን አለበት። ብዙ ሰው ከሚወደው ዘፋኝ አልበም ይጀምራል፤ የሚቀድመው ግን እሱ አይደለም። በሙዚቃ ቤት የተሸጠ ካሴት ከሌላ ሰው ዘንድ ሊገኝ ይችላል፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው አምሃ ሬከርድስ ከታተሙት ሸክላዎችም ብዙዎቹ ኋላ በሲዲ ወጥተዋል። የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ፣ ወይም ባሕር ማዶ ለሄደ ልጅ በደብዳቤ ፋንታ የተቀረጸ የእናት ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

ማጫወቻውም እያለቀ ነው። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። አሁን በየገበያው በርካሽ የሚሸጠው፣ ካሴትን በቀጥታ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ትንሽ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ክሩን በእኩል ፍጥነት አይስብም። በደንብ የተጠገነ አሮጌ ቴፕ ይሻላል።

የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ቀጭን ክር ላይ የቴፑ ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ በጥቂቱ እንኳ ካዘመመ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋና ዘፈኑ ከብርድ ልብስ ሥር የሚሰማ ይመስላል። በተለያየ ማሽን የተባዙ ካሴቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ማዘንበል የተቀዱ ናቸው። መፍትሔው ከሄዱ አጠገብ ያለች ትንሽ ብሎን ናት። ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኗ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ በጣም በቀስታ ትዞራለች፤ የክራሩ ምትና የዘፋኙ “ስ” ጥርት ብለው ሲሰሙ ይቆማል። ከዚያ በፊት ግን ሄዱ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ይጠረጋል፤ ክሩም አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጠንጥኖ ይመለሳል። ከካሴቱ ጫፍ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ካልተሰበሩ አስቀድሞ መስበር ይገባል፤ በስሕተት የመቅጃው ቁልፍ ቢጫን ነባሩ ድምፅ አይጠፋም። ነጭ ሻጋታ የታየበት ክር ጨርሶ አይጫወትም፤ ሻጋታው ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑም ወደ ሌላው ካሴት ይተላለፋል።

ቪዲዮ ሌላ ጣጣ አለው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳየውን ፓል የተባለ የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፤ ከአሜሪካ የሚመጣው ቪዲዮ ደግሞ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ባለው ኤንቲኤስሲ የተቀዳ ነው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ካልተገኘ ምስሉ ይዘላል ወይም ቀለሙ ይጠፋል።

ቦታ የሚፈጀውም ቪዲዮ ነው። ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት የተቀዳ አንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ሦስት መቶው ካሴት ከ200 ጊጋ ባይት አይዘልም። ፍላክ በተባለው፣ ምንም ድምፅ በማይጥለው አጨማመቅ ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዲቪ በተባለው የዲጂታል ቪዲዮ አቀዳድ የተቀዳ አንድ ሰዓት ቪዲዮ ግን 13 ጊጋ ባይት ያህል ነው፤ ሃምሳ የሁለት ሰዓት ካሴት 1.3 ቴራ ባይት ይሆናል። ኤምፒ3 ለስልክ እንጂ ለዋናው ቅጂ አይበጅም፤ የጣለው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም። ከክሩ የሚሰማውን የ“ሽሽ” ድምፅ ማጥራትም በሁለተኛ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይሠራም።

አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻውን አይታመንም። የተለመደው ሥርዓት ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ የሚል ነው፤ ዘመድ ባሕር ማዶ ያለው ቤተሰብ ሦስተኛውን ለእሱ ይልካል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ኮምፒውተሩ ያለ ዩፒኤስ ባይቀዳ ይመረጣል፤ ፋይሉ በመሀል ሊበላሽ ይችላል።

ስም አወጣጡ ብዙ ጊዜ የሚናቀው ክፍል ነው። በካሴቱ ላይ “1985” ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ካልተለየ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባል። አንዱ “ፀሐይ”፣ ሌላው “ጸሃይ” ብሎ የሰየመው ፋይልም በአንድ ፍለጋ ላይገኝ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን የሚያያቸው እንደተለያዩ ነው። ስለዚህ ለመላው ስብስብ አንድ አጻጻፍ ይመረጣል፤ ቀኑ ከፊት፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ የካሴቱ ገጽ ቁጥር ይጻፋል። ዋናው ካሴት ከተገለበጠ በኋላም አይጣልም፤ ክሩ እስከ ጫፉ ተጠንጥኖ፣ ከፀሐይና ከስፒከር ርቆ ቆሞ ይቀመጣል።