እምነትና የአእምሮ ጤንነት፦ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን በተመለከተ



ሰው ሲሰደድ ብዙ ነገር ጥሎ ይወጣል፤ እምነቱን ግን ይዞት ይሄዳል። በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ መስጊዱ የጸሎት ቦታ ብቻ አይደለም። የታመመ የሚጠየቀው፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናው፣ ራሽን ያለቀበት ጎረቤት የሚረዳው በአብዛኛው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ እምነት ለስደተኛ አእምሮ ትልቅ ድጋፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በዚህ እትም የምናነሳው ግን በግልጽ የማይነገር ጉዳይ ነው። ይኸውም ወንድ ሆነው ወንድን፣ ሴት ሆነው ሴትን የሚያፈቅሩ፣ እንዲሁም ሲወለዱ የተሰጣቸው ፆታ የራሳቸው ሆኖ የማይሰማቸው ሰዎች ከሃይማኖት ጋር ያላቸው ግንኙነት የአእምሮ ጤንነታቸውን እንዴት እንደሚነካ ነው። እነዚህ ሰዎች በማንኛውም ሕዝብ መካከል አሉ፤ በዚሁ ምክንያት የተሰደዱም አሉ። የማንንም ሃይማኖት ትምህርት ለማረም አልተነሳንም። ዓላማችን የትኛው ንግግርና ድርጊት ሰውን እንደሚጎዳ፣ የትኛውም እንደሚደግፍ ማስረዳት ነው።

ከስሙ ይጀምራል

በአማርኛ የተለመደው መጠሪያ "ግብረ ሰዶም" ሲሆን፣ በኦሪት ዘፍጥረት በእሳትና በዲን የጠፋችውን ከተማ ያስታውሳል። ዐረብኛ ተናጋሪዎችም "ሉጢ" የሚሉት ከነቢዩ ሉጥ ሕዝብ ታሪክ በመነሣት ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ስሜቱን ገና በውል ሳይረዳው፣ ለዚያ ስሜት በቋንቋው የሚያገኘው ስም ፍርድን የተሸከመ ነው ማለት ነው። ሰባኪው ምንም ባይናገር እንኳ ወጣቱ በዚያ ስም ራሱን ይዳኛል።

በውስጥ የሚሆነው

ኢላን ማየር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጭንቀቱ የሚመጣው ከፍቅር ስሜቱ ሳይሆን ተንቆና ተገልሎ ከመኖር መሆኑን አስረድተዋል። ከዘረዘሯቸው ሸክሞች መካከል ሦስቱን እንጥቀስ። 1ኛ/ ዛሬ ይሰድቡኛል፣ ነገ ይመቱኛል እያሉ ዘወትር መጠበቅ፤ 2ኛ/ ራስን መደበቅ፤ 3ኛ/ የሌላውን ጥላቻ ተቀብሎ ራስን መጥላት ናቸው።

ለአማኝ ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ከጎረቤት መሸሸግ ይቻላል፤ ከፈጣሪ ግን አይቻልም። ለንስሐ አባቱ ቢናገር እንዳይወገዝ ይፈራል፤ ባይናገር ደግሞ ንስሐው ጎደሎ ይሆንበታል። በዚህ ተጨንቆ ከቁርባን ይርቃል፣ ሙስሊም ከሆነም ከጁምዓ ሶላት ይቀራል። መጽናናትን እጅግ በሚሻበት ሰዓት ከሚጽናናበት ቦታ ይለያል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ አለመፈለግ፣ ከሰው መራቅና ተስፋ መቁረጥ ሊከተሉ ይችላሉ።

ኬኔት ፓርጋመንት የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በችግር ጊዜ ሰው ወደ እምነቱ የሚዞርባቸውን ሁለት መንገዶች ለይተው አጥንተዋል። "ፈጣሪ በመከራዬ ከእኔ ጋር ነው" የሚል ሰው ብርታት ያገኛል። "ፈጣሪ ጥሎኛል፣ እየቀጣኝ ነው" የሚል ሰው ግን ጭንቀቱ ይብስበታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሰውየው ያምናል ወይስ አያምንም የሚል ብቻ አይደለም፤ በፈጣሪ ስም ምን ተብሎ ተነግሮታል የሚለው ነው።

ለመለወጥ የሚደረግ ጥረት

ብዙዎች ስሜታቸው እንዲለወጥ ጠበል ይገባሉ፣ ይጾማሉ፣ ሩቅያ ያስቀራሉ፣ ወይም በቤተሰብ ግፊት ያገባሉ። መጸለይ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው "ካመንህ ትለወጣለህ" በሚለው ቃል ኪዳን ላይ ነው። ለውጡ ሳይመጣ ሲቀር "እምነትህ ጎደሎ ነው" ይባላል፤ ሰውየውም ሁለት ጊዜ ይቆስላል።

በአሜሪካ ኤክሶደስ ኢንተርናሽናል የተባለ ክርስቲያናዊ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ሰዎች ከዚህ ስሜት እንዲላቀቁ ሲሠራ ቆይቶ በ2013 ተዘግቷል፤ መሪውም ለተጎዱት ሰዎች በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2009 ባወጣው ሪፖርት፣ እንዲህ ያለው ጥረት የመሳካት ዕድሉ አነስተኛ እንደሆነና ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅትም ተመሳሳይ ፆታ ማፍቀርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በ1990 ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

በካሊፎርኒያ ዕድሜያቸው ከ21 እስከ 25 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ላይ ተደርጎ በ2009 የታተመ ጥናት አለ። በልጅነታቸው ቤተሰባቸው አጥብቆ የገፋቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለመግደል የመሞከር ዕድላቸው 8.4 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ቤተሰብ በእምነት ምክንያት ቢያዝንም፣ ልጁን ከቤት ማባረርና አብሮ በማዕድ መቀመጥ ውጤታቸው እንደሚለያይ ከዚህ እንረዳለን።

አንድ ምሳሌ ከኡጋንዳ

ጳጳስ ክርስቶፈር ሴኞንጆ የኡጋንዳ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ከ2001 ጀምሮ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወጣቶችን ማማከር በመጀመራቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ከአገልግሎት አገደቻቸው። በጥር 2011 የመብት ተሟጋቹ ዴቪድ ካቶ ሲገደል፣ በቀብሩ ላይ የነበሩት ቄስ ለቀስተኞቹን ማውገዝ ጀመሩ፤ ሁከትም ተነሣ። የመጨረሻውን ጸሎት ያደረጉት ጳጳስ ሴኞንጆ ናቸው። ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ነበሩ። በዚያ መቃብር ላይ ለቆሙት ወጣቶች ግን አንዱ ቁስል ጨመረ፣ ሌላው አጽናና።

ምን እናድርግ?

ለሃይማኖት አባቶችና ለሽማግሌዎች፦ እንዲህ ያለ ሰው ምሥጢሩን ሲነግራችሁ በመጀመሪያ አድምጡ። የሰማችሁትንም ለሌላ አትንገሩ። በኡጋንዳ በ2023 የወጣው ሕግ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት፣ በአንዳንድ ሁኔታም እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነው፤ በኬንያም ሕጉ እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል። የአንድን ሰው ምሥጢር ማውጣት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ለወላጆችና ለጎረቤቶች፦ ስድብና ዱላ ማንንም አልለወጡም። "መኖር ሰለቸኝ" የሚል ሰው ስታገኙ ብቻውን አትተዉት፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ጉዳዩ ለሚመለከታችሁ፦ ከፕሮቴክሽን ክፍል ሠራተኛ ጋር ለብቻችሁ ለመነጋገር መጠየቅ ትችላላችሁ። አስተርጓሚው የምታውቁት ወይም የማኅበራችሁ ሰው ከሆነ ሌላ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በዚህ ምክንያት የሚደርስ ስደት በ1951ዱ ስምምነት ጥገኝነት ሊያሰጥ ይችላል። ጸሎታችሁንም ማንም ሊወስድባችሁ አይችልም፤ ወደ ጉባኤ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ ቢመጣ እንኳ በቤት ውስጥ፣ ከምታምኑት አንድ ሰው ጋር መጸለይ ይቻላል።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። ይህ አባባል በመካከላችን ያለውን ማንንም ሰው እንዳያስቀር አደራ እንላለን።